አልከፈት ያለው ፒንሳ

አባዬ «እስቲ ይኸን ነገር ክፈትልኝ» ብሎ ሲያቀብለኝ ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ልጆች እያለን ያንን ዕቃ መንካት ክልክል ነበር። ሁሌም ቀበቶው ላይ፣ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው የማውቀው። ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል፤ ከሁለቱ እጀታዎች ውስጥ ደግሞ ቢላ፣ ሞረድ፣ ካቻቢቴና የቆርቆሮ መክፈቻ ይወጣሉ። አባዬ ከሐዋሳ በዲላ አድርጎ ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ እሁድ እሁድ አሞራ ገደል ይወስደንና የተጠበሰ ቆሮሶ እንበላለን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ከበው ያዩናል፤ እሱ በዚያች ቢላ ሎሚ ይቆርጥልናል።

«ዝጎ ነው መሰለኝ፣ አልከፈት አለኝ» አለ።

«አባዬ፣ እጅህ ነው እኮ። ቀስ እያለ ይመለሳል» አልኩት፣ ዕቃውን በደንብ እንኳን ሳላየው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም። ምንም አልመለሰልኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ማታ ሲተኛ አነሳሁት። ሁለቱን እጀታዎች ይዤ ሳብኩ፤ ንቅንቅ የለም። ቢላውን ላወጣ ስሞክር ጥፍሬ ተሰበረ። እጁ አልነበረም በቃ።

የዕቃው ስም ተፍቆ ስላለቀ የማን ሥሪት እንደሆነ አላውቅም። ይህን ዓይነቱን ፒንሳ ታዋቂ ያደረገው ግን ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ እየተበላሸች አስቸገረችው፤ ኪሱ ውስጥ ቢላ አለ፣ ፒንሳ ግን የለም። ሐሳቡ ገበያ ላይ የዋለው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1983 ነው። አሮጌ ፊያት፣ መንገድ ላይ መቆም… አባዬ ይህን ቢሰማ ሰውየውን ዘመዱ ነው የሚያደርገው።

መጀመሪያ የታየኝ መዶሻ ነበር። ደግነቱ ከመምታቴ በፊት በስልኬ መብራት ማጠፊያዎቹን አየሁ። ዝገቱ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ነው። ዋናው ነገር ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቆሻሻ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ። አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እኔ ቤት ውስጥ የማደርገው ጠፍቶኝ፣ ዕቃውን ወልውዬ፣ የምግብ ዘይት ቀብቼ ማኅደሩ ውስጥ መልሼው ነበር። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይደርቃል፤ ድስት ጀርባ ላይ ተፍቆ የማይለቀው ቢጫ ነገር ማለት እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ውስጥ ሲደርቅ ከርሟል። የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ማጠፊያዎቹ በሪቬት የተመቱ ስለሆኑ የሚፈታ ብሎን የላቸውም። ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ ዘፍዝፌው አደረ። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ ከዚያ ሳላስገድድ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ወደዚህ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ወደዚያ። መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ነገር ወጣ። እንደገና ዘፈዘፍኩት። በሁለተኛው ቀን እጀታዎቹ ተላቀቁ። ቢላው ወጣ ሲል ስለቱን በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ድንገት የሚላቀቅ ቢላ ጣት አይምርም። በመጨረሻ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ ደብሊው ዲ 40 ንፋበት አለኝ። ስሙ ውሃን ከማባረር የመጣ ነው፤ 40ው ደግሞ ቀመሩ የተሳካበት 40ኛው ሙከራ ነው። ለማላቀቅ ሸጋ ነው፤ ለስልሶ እንዲቆይ ግን ወፈር ያለ ዘይት ይሻላል። ስለዚህ ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸውን ዘይት አንስተው በየማጠፊያው አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረጉበት።

«ጋሼ፣ ትንሽ አይጨምሩበትም?»

«አይ ልጄ፣ ካበዛኸው አቧራ ትጠራበታለህ።»

ዕቃውን የመለስኩለት ያን ዕለት ነው። «እጅህ ነው» ስላልኩት ነገር አፌን ለመክፈት ግን ሌላ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዘይቱንም ነገርኩት።

«የምግብ ዘይት?» አለ። «ልትጠብሰው ነበር እንዴ?» ሳቀ። ስለ እጁ ምንም አላለም።

አሁን አንዱን እጀታ ጭኑ ላይ ደግፎ፣ በግራ እጁ ሌላውን ገፋ ሲያደርገው ፒንሳው ይዘረጋል። ሱሪውን እየያዘ ሲያስቸግረው የከረመውን የወንበር ምስማር በዚያው ቀን ነቀለው። ቢላውን ግን አሁንም እኔ ነኝ የማወጣለት። ጥፍሩ ይዞ መሳብ ያቅተዋል፤ ዕቃው ምንም የለውም። ማንጎ ሲያምረው ሁለቱንም፣ ማንጎውንም ፒንሳውንም፣ ምንም ሳይናገር ፊቴ ያስቀምጣቸዋል።