የተኛ መስሎኝ!

የዛሬው ጉዳዬ እንቅልፍ ነው። የእኔ አይደለም፤ እኔማ የአወቱ መንደራ ዝናብ ቆርቆሮዬ ላይ ከወረደ ማን ይቀሰቅሰኛል! የላፕቶፔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰባችን በቡና መሬት ድንበር ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ደርሷል። ድንበሩን አጥርተው የሚያውቁት አጋሮ ያሉት አጎቴ ብቻ ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ከዋንዛው እስከ ብርብራው፣ ከብርብራው እስከ ወንዙ፣ ማን ተከለው፣ ማን ቆረጠው፣ ያሉኝን ሁሉ ጻፍኩ። «ሚኒባሱ ሊሞላ ነው» ሲሉኝ ክዳኑን ዷ አድርጌ ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሴቭ ማድረግ? ይተኛል እንጂ አይሞት ብዬ!

ጅማ ስደርስ ቦርሳዬ እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። ላፕቶፑ ድርግም ብሏል። ማታ መብራት ሲመጣ ብከፍተው የአጎቴ ቃል የለም።

«ባትሪህ ሞቷል» አለኝ አንድ ጓደኛዬ። እኔ ሞኙ ተበድሬ አዲስ ገዛሁ። እሱም በሳምንቱ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ባዶውን ቀረ።

የእኔ ላፕቶፕ የሚሠራው በኡቡንቱ ነው፤ ሊኑክስ ማለት ነው። ሊኑክስ ደግሞ የዋለበትን አይደብቅም። «ጆርናልሲቲኤል» ብዬ የዚያን ቀን መዝገቡን ባየው «ክዳን ተዘጋ» ይላል፤ ቀጥሎ ግን «ልተኛ ነው» የሚል መስመር የለም። ነቅቶ ነው የመጣው! «ሎግአይንዲ» የሚባለውን የማዘዣ ፋይል ስከፍት «ሃንድል ሊድ ስዊች» ከሚለው ጎን «ኢግኖር» ተጽፏል። ክዳን ሲዘጋ ዝም በል ማለት ነው። ማን ጻፈው? እኔው! ዓምና ማታ ማታ ክዳኑን ዘግቼ ሙዚቃ እየሰማሁ ልተኛ ብዬ።

«ኢግኖር»ን አጥፍቼ «ሰስፔንድ» ብዬ ተካሁ፤ ማሽኑንም አጥፍቼ አስነሳሁት። ክዳኑን ዘጋሁ። ተኛ።

ግን የተኛ አይበላም ያላችሁ ማነው? በሰስፔንድ ጊዜ ሥራችሁ ሜሞሪ ላይ ነው የሚያድረው። ሜሞሪ ደግሞ ኃይል ሲያጣ ሁሉን ይረሳል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይቀምሳል። እንቅልፉም ሁለት ዓይነት ነው። «ኤስ ቱ አይድል» ሸለብታ ነው፤ «ዲፕ» ከባድ እንቅልፍ ነው። የትኛው እንደተመረጠ «መም ስሊፕ» የሚባለው ፋይል በቅንፍ ያሳያችኋል። ሁለቱም ካሉት ዲፕን ሞክሩት። ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ጭራሽ የሚጠፋው «ሃይበርኔት» ነው፤ ግን ሜሞሪውን የሚችል «ስዋፕ» ቦታ ይፈልጋል። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በራሱ አያበራላችሁም፤ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ።

ባትሪውን ከመግዛቴ በፊት መዝገቡን ባየው ኖሮ ዕዳ ባልገባሁ። ዕዳው ግን ይከፈላል። የማይከፈለው ሌላ ነው።

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሲቃረብ አጎቴ ዘንድ ተመለስኩ። ዋንዛውን አስታወሱ። ስለ ብርብራው ስጠይቃቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና፣

«የቱ ብርብራ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ስንቀመጥ ድንበራችን እስከ ዋንዛው ብቻ ነበር።

ክዳን ከመዝጋታችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ።