መቻል ሲከሳ

ሽሮ ሜዳ ባለው የወላጆቼ ግቢ ውሻችንን መቻልን የማያበላ ሰው አልነበረም። እማዬ የምሳውን ትራፊ ትሰጠዋለች፤ ዘበኛችን ጋሼ ከራሳቸው እራት ያካፍሉታል፤ አባዬ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልኳንዳ ቤት ልፋጭና ሳንባ በፌስታል ይዞለት ይመጣል። ውሻው ቀን ቀን ታስሮ ነው የሚውለው። ማታ ሲፈታም እንደ ድሮው አጥሩን በሩጫ መዞሩን ትቶ በሩ ሥር ተዘርሮ ያለከልካል። አንድ ቀን የበረንዳውን ደረጃ መውጣት አቅቶት የፊት እግሮቹን ብቻ ሰቅሎ ቆመ። «አረጀ» አለች እማዬ። ገና ስድስት ዓመቱ ነበር።

እንስሳት ሐኪም ጋ ስንወስደው ሐኪሙ እጄን ይዞ በመቻል ጎን ላይ አሳረፈው። የጤነኛ ውሻ የጎን አጥንት ቀለል አድርገው ሲዳስሱት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የመቻል ግን ከስቡ ሥር ጠፍቷል። ወፍጮ ቤት ወስደን ጤፍ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆምነው፤ 38 ኪሎ። ሐኪሙ 30 ይበቃዋል ብሎን ነበር።

ምግቡ ይቀነስ ሲባል «እኔ ቤት ውሻ ተርቦ አያድርም!» ብላ እማዬ ተቆጣች። ሐኪሙ ታግሶ አስረዳት፦ በ48 ላብራዶር ውሾች ላይ በተደረገና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከተጣመሩላቸው ውሾች ሩብ ያህል ቀንሰው የበሉት ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ያልቀረው ተጨማሪ ዕድሜ አግኝተዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶባቸዋል። «ሁለት ዓመት?» አለች። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

የማብላቱ ሥራ ለጋሼ ብቻ ተሰጠ። ጠዋትና ማታ በአንድ ጣሳ ተለክቶ፣ ስቡ የወጣለት የተቀቀለ ሳንባ፣ ቅንጬ፣ ካሮትና ዱባ። ወጥ ጨርሶ ቀረ፤ በቅባቱ ብቻ ሳይሆን በሽንኩርቱም የተነሣ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። በኋላ ከጀመርነው የማለዳ እርምጃ ይልቅ የበለጠ የሠራው ይህ ይመስለኛል፤ የሚያበላው እጅ አንድ መሆኑ። በአንዴ ማስራብም አይገባም። በሳምንት ከክብደቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢቀንስ በቂ ነው ተብለናል፤ ለመቻል አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

እርምጃውን ታክሲው ሳይበዛ ማለዳ ጀመርን። ጉልበቱ እንዳይጎዳ መጀመሪያ እስከ አስፋልቱ ደርሰን መመለስ ብቻ ነበር። እየቆየ በእንጦጦ መንገድ ሽቅብ ማለት ቻለ፤ ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ማሰሪያውን እየጎተተ ይመራኝ ጀመር። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከባዱ ፋሲካ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ከየጎረቤቱ አጥንት በአጥር ላይ ይወረወራል፤ የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ያን ጊዜ ሚዛኑ 31 ደርሶ ነበር። በዋዜማው እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከበር ወደ በር ዞረች። «የእኔን ውሻ የሚወድ አጥንት አይወርውርልኝ፤ ሐኪም ከልክሎታል» አለቻቸው። ሁሉም እሺ አሏት።