ላይተሩ የት ይቀመጥ?

በአውሮፕላን አሶሳ ወርደሽ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ጉባ የምትዘልቂ እህቴ፣ ግድቡ ዘንድ ለሚሠራው ባለቤትሽ ስንቅ ስትቋጥሪ በሶውና በርበሬው አያስጨንቅሽ። ጣጣው ከሥር በምትሸጉጪው ላይተር፣ ፓወር ባንክና ላምባ ላይ ነው።

ጎረቤቴን በአንድ ጉዞዋ ፈታሹ ላይተሯን ያለ አንዲት ቃል ወሰደባት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላው አይቶ አሳለፋት። ነገሩ የዕድል መሰላትና ሰሞኑን ላይተሩን በጋቢ ጠቅልላ ትልቁ ሻንጣ መሐል ስትከት ደረስኩ። «እዚህ ማን ያገኘዋል!» አለችኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን አለመገኘቱ ነው።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ አንድ ላይተር ወይም አንድ ትንሽ ክብሪት በኪስ ይያዛል፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ግን ክልክል ነው። ፓወር ባንክም እንዲሁ ከሰው ጋር ነው የሚሄደው። አጠገብሽ ቢጨስ አስተናጋጇ ደርሳ ታጠፋዋለች፤ በዕቃው ክፍል፣ በልብስ መሐል ቢነድ ማን ይደርስለታል? በ1988 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በአንድ አውሮፕላን የዕቃ ክፍል የተጫኑ የኦክስጅን ማመንጫዎች እሳት አስነሥተው 110 ሰዎች አልቀዋል።

የልጅሽን ትኩሳት የምትለኪበት ባለ ሜርኩሪ ቴርሞሜትር ደግሞ በተቃራኒው ነው። በማኅደሩ ሆኖ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ይገባል እንጂ በእጅ አይያዝም። ሜርኩሪ ቢፈስ የአውሮፕላኑን አሉሚኒየም ይበላል።

በዚህ ላይ አገር ሁሉ ደንቡን ማጥበቅ ይችላል። ቻይና ላይተርን በኪስም በሻንጣም ትከለክላለች። አሜሪካ በ1997 ዓ.ም. ከመንገደኞች ክፍል አግዳ በ1999 ዓ.ም. መልሳ ፈቀደች። ታዲያ እናት የቱን ትያዝ? መጥበቁን አልነቅፍም። ዕቃ ነጥቆ ዝም የሚል ፈታሽ ግን ሰውን መደበቅ ያስተምራል። «ሻንጣ ውስጥማ እንዳትከቺው» ቢላት ኖሮ ጎረቤቴ ጋቢውን ባልፈታች ነበር።

ላምባና የምድጃ ጋዝ በየትም በኩል አይሄዱም፤ ከደረሱ በኋላ የሚፈለጉ ናቸው። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ቤትሽ ሳለሽ እዪ። ዓለም አቀፉ ደንብ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ተራው ዓይነት ከዚያ በታች ነው። ቁጥሩ የጠፋበትን አሮጌ ግን ፈታሹ ቢያስቀረው አትከራከሪው።