ሽንኩርቱ እስኪሟሟ

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ማረሚያ ቤቱ ነው የሚታወሰው። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት እናቁላላለን።

«እትዬ፣ ዛሬ ዶሮ ነው እንዴ?» አለችኝ የጎረቤት ልጅ።

ጄኖቬዜ ነው። ስሙ የጄኖቫ፣ ምግቡ የናፖሊ፤ ቲማቲም የለውም። ባለቤቴ ጨጓራውን ከታመመ ወዲህ በርበሬና ቲማቲም አይስማማውም፤ ፓስታ በስጎ ናፍቆታል። (ሽንኩርትም የሚያስቸግረው ሰው አለ፤ እሱን በደንብ ከበሰለ አይነካውም።)

አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጥቂት ዘይት። ቀስ ባለ እሳት አራት ሰዓት ያህል፣ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ! ከሰል ቤት ውስጥ አላስገባም፤ ነርስ ነበርኩ። ድስቱን ይዤ ግቢ ወረድኩ፤ ልጅቷ እያራገበች አበሰልን።

ባለቤቴ መኮሮኒውን ሁለት ጊዜ አስጨመረና፣ «እንቁላሉስ?» አለ።