በመዋኛው በር ላይ

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት አጎቴ ለሥራ ወደ ቢሾፍቱ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ያረፍነው በእሳተ ገሞራ ከተፈጠሩት ሐይቆች በአንዱ አፋፍ ላይ በተሠራ ሆቴል ነበር። በማግሥቱ አጎቴ ወደ ሥራው እንደ ወጣ፣ በከተማው የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣና አብረን ለመዋኘት ወደ ገንዳው ወረድን።

በበሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ፣ መኝታ የያዘ በነጻ እንዲዋኝ፣ ከውጭ የመጣ ግን እንዲከፍል ያዝዛል። ዘበኛው የክፍሌን ቁልፍ አይቶ አሳለፈኝ፤ እርሱን ከለከለው። ኪሳችን ባዶ ነበር።

«አንተ ግባ፤ እኔ እጠብቅሃለሁ» አለኝ።

እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገባሁ።

ነገር ግን ውሃው ደስ አላሰኘኝም። ቀና ባልሁ ቍጥር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየዋለሁ። ደንቡን አልነቅፍም፤ ገንዳ የሚችለው ሰው የተወሰነ ነው፤ ውሃ ማጣራትና ሰጣሚን የሚያድን ዋናተኛ ማቆምም ገንዘብ ይጠይቃል። ዘበኛውም የታዘዘውን ፈጸመ። ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ «ግባ» ያለኝ ደንቡ እንጂ «ወንድምህን ተወው» ያለኝ ማንም አልነበረም።

ሰውነቴን ሳላደርቅ ወጣሁና እስኪመሽ ድረስ በሐይቁ ዳር አብረን ስንዞር ዋልን።