ድመትና ውሻ የሚዘንብበት ክፍል

የበልግ ዝናብ ሲጥል መንዝ ውስጥ ትምህርት ቆመ ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አይደለም፤ ነገሩ የቆርቆሮው ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው መምህሩ ቢጮህ እንኳ የሚሰማው የፊት ወንበር ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቀን መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ያለ የእንግሊዝኛ መምህር ጠመኔውን አንስቶ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ብሎ ቢጽፍ ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። ተማሪው ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። «ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

ችግሩ ያለው ከሳቁ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ «ከባድ ዝናብ» የሚል ትርጉም ይጻፍና ወደሚቀጥለው ይታለፋል፤ «ፒስ ኦፍ ኬክ»፣ ቀላል ነገር። ደብተሩ ለሁለት ይሰመራል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ይሰፍራል። ፈተና ላይ ይመጣል ተብሎ ይሸመደዳል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። «ቲቸር፣ ድመቶቹ ከየት መጡ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ክፍለ ጊዜ የሚያባክን ተደርጎ ይታያል።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። አባባሉ ከየት እንደመጣ እንግሊዞቹም በእርግጠኝነት አያውቁም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተቀራራቢ አነጋገሮች በጽሑፍ ይገኛሉ። ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተጠቀመበት ጆናታን ስዊፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ። መጽሐፉ ደግሞ የለንደን ጨዋ ነን ባዮች በተሰለቸ አባባል ብቻ ሲያወሩ የሚያላግጥ ስላቅ ነው። ከ280 ዓመት በላይ በፊት መሳቂያ የነበረ አነጋገር መንዝ ውስጥ እንደ ዘመናዊ እንግሊዝኛ ይሸመደዳል። አብዛኛው የቋንቋው ባለቤትም ዛሬ እንደ አያቶች ወግ ነው የሚያየው።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞር አንድ «ማብራሪያ» አለ። ድሮ ድመትና ውሻ የሳር ክዳን ውስጥ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲበረታ እያንሸራተታቸው ይወድቁ ነበር ይላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኢሜይል የተሰራጨ ፈጠራ ነው። ይህን ለማፍረስ ከመንዝ ልጅ የተሻለ ምስክር የለም። አባቱ ከጓሳ ያጨደውን ሳር ጣሪያ ላይ ሲደርብ አይቷል። ውሻ እዚያ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚወጣ ይጠይቃል።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው የት እንደሆነ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ከገበሬው ጋር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ነው የሰየመው። ላይ ላዩን አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ አነጋገር የአማራ ገበሬ ዕለታዊ መሣሪያ መሆኑን ለዓለም የነገረው በዚህ ሕዝብ አንደበት ነው። ከመንዝ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ሲና የተወለደው ዳኛቸው ወርቁ ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር «የአማርኛ ፈሊጦች»ን አዘጋጅቷል። ያው ዳኛቸው ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ላይ አሳትሟል። ሁለቱን ቋንቋ ያገናኘው ሰው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ተማሪ ግን ሁለቱን በመስመር ለይቶ ይጽፋቸዋል።

ፈሊጥ ለዚህ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። «ምላሷ ጤፍ ይቆላል» ሲባል ምጣድ አይፈልግም። «ሆዱ ባባ»፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ» በየቀኑ ይሰማል፣ ማንም አላስተማረውም። መምህሩ በቅድሚያ «ምላሷ ጤፍ ይቆላል»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አዙሩ ብሎ ቢያዝ፣ ለንደን ያለ ተማሪ ያንን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ወዲያው ይገባቸዋል። ሳቁ አቅጣጫ ይቀይራል። ከዚያ የሚቀረው ዋናው ነገር ነው፤ ይህ አባባል ለማን ይባላል? ለማን አይባልም? መቼ ነው የሚያስቀው፣ መቼ ነው ስድብ የሚሆነው?

ጉዳዩ የአንዲት አባባል አይደለም። በክልሉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ታሪክ ላይ «ስክራምብል ፎር አፍሪካ» ይመጣል። ቃል በቃል የሚያነብ ልጅ አእምሮው ላይ የሚመጣው የእንቁላል ጥብስ ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ «ብሬይን ድሬይን» ይመጣል፤ አንጎል እንደ ቦይ ውሃ ሊፈስ ነው። ሁለት ዓምድ መሸምደድ የለመደ ተማሪ የማያውቀው ሐረግ ሲገጥመው ከዓረፍተ ነገሩ ትርጉም መገመት አይሞክርም፤ የቀኙን ዓምድ ይፈልጋል፣ መጽሐፉ ደግሞ የቀኝ ዓምድ የለውም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ እንግሊዝኛ ላይ መጫን ስህተት ነው፤ ግን ጥያቄውን ሳይረዳ የወደቀ ተማሪ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መምህሩን መውቀስም ቀላል ነው፣ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የተከፈተውም ነገ መከፈቱ አያስተማምንም። ሁለት ዓመት ሳይማር የተመለሰ ልጅ ፊት ለቆመ ሰው ስለ ድመትና ውሻ 10 ደቂቃ ማውራት ቅንጦት ይመስለዋል። መጽሐፉን መጨረስ አለበት። እናም ይሸመድዳቸዋል።

ግን ቆርቆሮው እየተደበደበ፣ ሌላ ነገር ማስተማር በማይቻልበት በዚያ ሰዓት አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍስ? «አያታችሁ ይህን ዝናብ ምን ይሉታል?»

«ዶፍ!» ይላል አንዱ ከኋላ እየጮኸ። «ሰማዩ ተቀደደ!» ትላለች ሌላዋ። መምህሩም ወደ መስኮቱ እየጠቆመ፣ የተቀደደው በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃታል።