ድመት በሌሊት የሰው እግር ስለ መያዟ

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በአሶሳ አጠገብ በጾሬ ቤት ከያዝሁ ወዲህ በማሽላው ጎታ አይጥ ስለ በዛብን አንዲት የድመት ግልገል አሳደግን፤ ስሟንም ውሮ አልናት። አይጡን አሳደደችልን። ነገር ግን ሌሊት የተኛ ሰው እግሩን ከጋቢው ሥር ባንቀሳቀሰ ጊዜ ዘልላ ትይዘዋለች። እኔ ጮኬ እነሣለሁ፤ ባለቤቴ ትስቃለች።

አንድ ቀን ጧት ወደ እናቴ ክፍል ብገባ የጋቢያቸውን ጫፍ ደም ነክቶት፥ ግራ እግራቸውም ተቧጥጦ አገኘሁ። «እማዬ፥ ድመቷ ስትቧጥጥዎ ምነው አልተጣሩ?» ብላቸው፥ «የቱ ድመት ልጄ? እኔስ ደኅና አደርሁ» አሉኝ። ከቁስሉ ይልቅ ይህ ቃል አስደነገጠኝ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥበን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ድመትም የእብድ ውሻን በሽታ ታስተላልፋለችና የመከላከያ መርፌ ተወጉ። ሐኪሙም እግራቸውን በቀጭን ክር እየነካካ ከመረመረ በኋላ፥ በደማቸው ስኳር በዝቶ የእግራቸውን ስሜት እንዳደነዘዘው ነገረን።

ባለቤቴ ድመቷ ከቤት ትውጣ አለች። ጸሐፊ ፈራጅ አይደለም፤ ቢሆንም መዝገብ ሳይመረመር ፍርድ ሲሰጥ አልወድምና፥ በሚሲዮን የተማርሁት እንግሊዝኛ ረድቶኝ ስለ ድመት የተጻፈውን ተመለከትሁ። የቤት ድመት ዘሯ ከዱር ድመት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ ተገልጧል፤ መቃብሩም 9,500 ዓመት ያህል የቆየ ነው። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ኖራ ማደኗን አልተወችም። ለማየት እኛ ከምንሻው ብርሃን ስድስት አንድ እጁ ይበቃታል፤ ጆሮዋም እኛ ፈጽሞ የማንሰማውን የአይጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ከጋቢ ሥር የሚንኰሻኰሽ የእግር ጣት ለእርሷ ከሣር ሥር እንደሚሄድ አይጥ ነው። የምትነቃውም ይልቁን በምሽትና ጎሕ ሲቀድ፥ እኛ በተኛንበት ሰዓት ነው። ግልገል ሳለች ከወንድሞቿ ጋር መናከስ የነበረባት፥ ብቻዋን ስላደገች በእኛ እግር ተማረች። እግርን መንጠቅና መራገጥም አይጡ ሲያመልጥ ያህል ያነሣሣታል እንጂ አያባርራትም፤ እኔም ስጮህ የኖርሁት በከንቱ ነው።

አሁን ማታ ማታ በሲባጎ ጫፍ ጨርቅ አስሬ አስሮጣታለሁ፤ በመጨረሻ ይዛ እንድትነክሰው እተውላታለሁ፤ ወዲያው ሥጋ እሰጣታለሁ፤ በልታ፥ ጠጕሯን ልሳ ትተኛለች። በዓቢይ ጾም ሥጋ ከወዴት ይመጣል ብላ ባለቤቴ ብትቈጣም፥ ውሮ ጾም አታውቅምና ከበርታ ጎረቤቶቻችን ትራፊ እለምንላታለሁ።

እናቴ ድመቷ እንድትወጣ አልፈቀዱም። ካልሲ አድርገው ይተኛሉ፤ በራቸውም ይዘጋል። እኔም ከመተኛታቸው በፊት መብራት ይዤ የእግራቸውን ጣት በየተራ እመለከታለሁ፤ እርሳቸውም «ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?» እያሉ ይስቁብኛል።